አርባና ሰማንያ

ማንኩሳ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ዳኛዋ ሾፌሩን «አቁም» አሉት።

ሾፌሩ ያልሰማ መሰለ። ከፍኖተ ሰላም ከተነሣን ጀምሮ አፉ አላረፈም ነበር። ስለ ሰኔው ዝናብ አወራ፣ ስለ በርበሬ ችግኝ አወራ፣ በመጨረሻ የሆዱን አወጣው። «ወንዳወቅ ነው የላከኝ» አለ ጥርሱን ገልጦ፤ «ዳኛዋን ጋቢና አስቀምጠህ፣ ጭቃ ሳይነካቸው ቡሬ አድርስልኝ ብሎኝ ነው እንጅ እኔማ ዛሬ ሥራ አልነበረኝም።»

«አቁም ብዬሃለሁ።»

ድምፃቸውን አልጨመሩም። አይሱዙው ተንሸራቶ ቆመ። ዳኛዋ በሩን ከፍተው ወረዱ። ከዘንቢላቸው ጥቁር ኮንጎ ጫማ አውጥተው ቀየሩና የቆዳ ጫማቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው ዘንቢሉ ውስጥ ከተቱ። እኔም በላስቲክ የተጠቀለሉትን መዝገቦች አቅፌ ወረድኩ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዋጠኝ።

መኪናውን ያገኘሁት እኔ ነበርኩ። መሥሪያ ቤታችን መኪና አልነበረውም፤ በጠዋት በራችን ላይ ቆሞ «ቡሬ ነው» ሲል እግዜር የሰጠን መስሎኝ ዳኛዋን ጠርቼ አሳፈርኳቸው። የማን መኪና እንደሆነ አላወቅሁም። ይህን ስል የሚያምነኝ ሰው ቢጠፋ አልፈርድም፤ በዚያ ሰሞን ሌላ የማውቀውና ያላወራሁት ነገር ነበርና።

ወንዳወቅ ማለት በዚያ ቀን ቡሬ ላይ ልንዳኘው የምንሄደው ሰው ነው። ባለ ወፍጮ፣ ባለ መኪና፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ያለፈው ጎልማሳ። እንቁ የምትባል የገበሬ ልጅ ውኃ ስትቀዳ ጠልፎ አሥራ ሰባት ቀን ቤቱ ቆልፎባታል ተብሎ ተከሷል። የቡሬው ዳኛ ለወንዳወቅ አበልጅ ስለሆኑ ራሳቸውን ከነገሩ አወጡ፤ ስለዚህ ጉዳዩ ለኛ ዳኛ ተሰጠ።

ጊዜው ሰኔ 1990 ነው፤ ኢሕአዴግ ከገባ ሰባተኛ ዓመቱ። መንግሥቱ ተቀይሯል፣ ባንዲራው ተቀይሯል፣ የወንጀለኛ መቅጫው ግን የጃንሆይ እንደነበረ ነው። ሕጉ ምን ይል እንደነበር ዛሬ ለወጣቶች ስነግራቸው የምቀልድ ይመስላቸዋል። ጠላፊው የጠለፋትን ሴት ካገባና ጋብቻው የሚጸና ከሆነ ክሱ ይቀራል። ለሴት ልጅ ጋብቻ የሚጸናው ደግሞ ከአሥራ አምስት ዓመት ጀምሮ ነው። ስለዚህ የነገሩ ቋጠሮ አንድ ብቻ ነበር፤ እንቁ አሥራ አምስት ሞልቷታል ወይስ አልሞላትም? ሞልቷት ከሆነ ወንዳወቅ ጠላፊነቱ ቀርቶ ባል ይሆናል፣ ልጅቱም በዚያው ዕለት ወደዚያው ቤት ትመለሳለች።

የዳኛዋ ስም ወይዘሪት አቻምየለሽ ንብረት ነው። የቋሪት ሰው ናቸው፣ ከገበዝ ማርያም። በኛ ችሎት ላይ የተሰየሙ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው። የተሾሙ ሰሞን አንድ ሽማግሌ ችሎት ገብቶ ከላይ እስከ ታች አያቸውና «ዳኛው እስኪመጡ ደጅ ልጠብቅ» ብሎ ወጣ። እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ጠበቀ። ጠላ ቤት ደግሞ በስማቸው ቅኔ ይዘረፍ ነበር፤ «አቻም የለሽ» ይሉና «ባል ያጣችው ታዲያ ለዚህ አይደል» ብለው ይጨርሱታል። እኔም ከሳቂዎቹ አንዱ ነበርኩ። በፊታቸው «ክብርት ዳኛ» እላለሁ፣ በሆዴ ግን ገና «እሷ» ነበሩ። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ሰው ነኝና፣ እሳቸው የሚያውቁት ሕግ ሁሉ የሚያልቀው በኔ ብዕር ይመስለኝ ነበር።

ብዕሩ የኔ መሆኑስ እውነት ነው። የችሎት ጸሐፊያቸው እኔ ነኝ፣ ክንፈሚካኤል። በልጅነቴ ዲያቆን ነበርኩ፣ ቁም ጽሕፈት ተምሬያለሁ። የኔ «ጸ» እና የኔ «ሐ» በብራና ላይ የተጻፉ ይመስላሉ ይባል ነበር። በዚህ እኮራ ነበር። ዛሬ ያ ኩራት ሲታወሰኝ ይቀፈኛል።

ማንኩሳ ላይ የፈረስ ጋሪ አገኘንና ተሳፈርን። ዝናቡ አባርቷል። ግራና ቀኙ ጉልበት የደረሰ በቆሎ ነው፤ ገበሬው ለዳጉሳ ያርሳል። ዳኛዋ መዝገቡን ከላስቲኩ አውጥተው ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ከአንድ ጤና ጣቢያ የመጣችውን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበቧት።

«ከአሥራ ሦስት እስከ አሥራ ሰባት ትሆናለች ይላል» አሉ። «ጥርሷን አይተው ነው። እንደ በቅሎ።»

ቀጥለው ሌላ ወረቀት አወጡ፤ የእንቁን የክርስትና ምስክር ወረቀት። ነጭ ወረቀት፣ ክብ ማኅተም፣ ያማረ ጽሕፈት። ረጅም ጊዜ አዩት። እኔ የጋሪውን ፈረስ ጅራት አያለሁ።

«ጋሽ ክንፈሚካኤል፣ እርስዎ ዲያቆን ነበሩ አይደል?»

«ነበርኩ፣ ክብርት ዳኛ።»

«ወንድ ልጅ በስንት ቀኑ ነው ክርስትና የሚነሣ?»

«በአርባ።»

«ሴትስ?»

«በሰማን...» አልኩና ቃሉ አፌ ላይ ቀረ።

«በሰማንያ» ብለው እሳቸው ጨረሱልኝ። ወረቀቱን አጣጥፈው መዝገቡ ውስጥ መለሱ። «መንገዱ ገና ነው» አሉ። «የሚነግሩኝ ነገር ካለ እሰማለሁ።»

ቡሬ እስክንደርስ ሁለት ሰዓት ያህል ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ፈረሱ፣ ስለ በቆሎው፣ ስለ ደመናው አወራሁ።

እንግዲህ የደበቅሁትን ላውጣው። ከዚያ ቀን አሥራ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ከፈጣም ወንዝ ማዶ የአንድ ደብር ቄሰ ገበዝ ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። ደብሩን አልጠራም፤ ታቦቱ ምን አደረገ። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። አንድ ቅል ነጭ ማርና አንድ ያረጀ ወረቀት ይዘው መጡ። ወረቀቱ የአንድ ወንድ ልጅ የክርስትና ምስክር ነው፤ ናሁሰናይ ደረሰ ይላል። ልጁ ትምህርት ቤት ሊገባ ሲል የወጣለት ነው፣ ከገባ በኋላ በወባ ሞቷል። «ይችን በመልካም እጅህ ገልብጥልኝ፣ ልጀ» አሉኝ። «ስሙን ብቻ እንቁ ደረሰ በላት።»

እንቁ ማን እንደሆነች አውቃለሁ። መዝገቧን በገዛ እጄ ነው የከፈትኩት። ግን «እኔ ገልባጭ ነኝ፣ ምን አገባኝ» አልኩ ለራሴ። ገለበጥኩ። ናሁሰናይን እንቁ አደረግሁት። ኃይለ ሚካኤል የሚለውን የክርስትና ስሙን ወለተ ሚካኤል አልኩት። የክርስትና አባት የሚለውን እናት አደረግሁና፣ ቄሰ ገበዙ የነገሩኝን የአንዲት የሞቱ ባልቴት ስም ጻፍኩበት፤ የሞተ ሰው ለምስክርነት አይጠራም። ወንዱን ሴት ለማድረግ ይህን ሁሉ ስጠነቀቅ ቀኖቹን እንዳሉ ተውኳቸው። ቀን ማንን ይጎዳል? የዲያቆን እጅ፣ ሺህ ጊዜ አርባና ሰማንያ የቆጠረ እጅ፣ እንዲህ ያለ ስሕተት ይሠራል ብሎ ማን ያምናል? እጄ ነው የጻፈው፣ ልቤ ማሩ ላይ ነበረ።

ማሩን በሦስት ቀን ጨረስኩት። ጣቴን እየላስኩ።

ቡሬ የገበያ ቀን ነበርና የችሎቱ አዳራሽ ጢም ብሏል። የረጠበ ጋቢ ሽታ፣ የቅቤ ሽታ፣ የጭቃ ሽታ። ወንዳወቅ የሰርግ ቤት እንደመጣ ሰው ነጭ በነጭ ለብሶ ከፊት ተቀምጧል። አጠገቡ የልጅቱ አባት ደረሰ አለ፣ አንገቱን ደፍቶ፤ ወንዳወቅ ጥንድ በሬ እንደሰጠው አገር ያውቃል። ከኋላ ጥግ ላይ ደግሞ የልጅቱ እናት አልጣሽ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ቆማለች። እናትየዋን ማንም ለምስክርነት አልቆጠራትም ነበር፤ ዐቃቤ ሕጉም ቢሆን።

እንቁን ሳያት መጀመሪያ ያየሁት እግሯን ነው። አግዳሚው ወንበር ላይ ስትቀመጥ እግሯ መሬት አይደርስም ነበር። አልጨምርበትም።

መጀመሪያ የመሰከረችው ራዲያ ናት፤ ቡሬ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ ሴት። ልጅቱ ከወንዳወቅ ቤት አምልጣ የተደበቀችው እሷ ዘንድ ነው። ከኋላ አንዱ «በክርስቲያን ጋብቻ እስላም ምን ጥልቅ አደረጋት» ሲል ብዙዎች ሳቁ። ዳኛዋ ሰውየውን ለይተው በጣታቸው አሳዩና አስወጡት። ራዲያ ዘወር ብላ እንኳ አላየችውም።

«ገበያ ቀን ነበር፤ ጨርቅ የምዘረጋበት ቆጥ ሥር ገባች» አለች። «ዝም አልኩ። ሰዎች እየፈለጓት ሁለት ጊዜ አለፉ። ማታ ቤት ወሰድኋት፤ ሦስት ቀን አልተናገረች። በአራተኛው ቀን የጨርቅ ቁርጥራጭ ለመነችኝ።»

«ምን ልታደርግበት?»

«አሻንጉሊት ሰፋች። ታስተኛታለች፣ ታዝላታለች።» «ዕድሜዋን ያኔ አወቅሁ፣ ክብርት ዳኛ። ሌላ አልጠየቅኋት» አለች።

ወንዳወቅ ሳቀ። «አሻንጉሊትማ እኔ ቤትም ይሰፋል፤ ነገ የራሷን ታዝል የለ» አለ፤ ከአጠገቡ ያሉትም አብረው ሳቁ። ያን ሳቅ ዛሬም ድረስ እሰማዋለሁ። መዝገብ ላይ የሳቅ ምልክት የለም፤ ቃሉን ብቻ ጻፍኩ።

ቀጥለው ሦስት ሽማግሎች ተከታትለው ገቡ። ሦስቱም የቄሰ ገበዙን መስቀል ስመው ማሉ፣ ሦስቱም አንድ ቃል ተናገሩ። «በሰባ አምስት በጥቅምት ነው የተወለደች፤ የዚያ ዓመት ጤፍ ያማረ ነበር።» ሦስት አፍ፣ አንድ ጤፍ። ሁለተኛው ዳኛዋን «ጌታዬ» አላቸው፣ ደንግጦ «እመቤቴ» አለ፣ ከዚያ ግራ ገብቶት ወደኔ ዞሮ ለኔ መሰከረ። በሌላ ቀን ብሆን እስቅ ነበር።

አባትየው ደረሰ ያንኑ ደገመ፤ በመጨረሻ ቄሰ ገበዙ ራሳቸው ቀረቡ። ጥምጣማቸው የታጠበ፣ ጭራቸው በእጃቸው። ወረቀቱ ታየላቸው፣ «የደብራችን ነው፣ ማኅተሙም የኛ ነው» አሉ።

«ልጅቱን ያጠመቁ እርስዎ ነዎት?» አሉ ዳኛዋ።

«እኔ ነኝ፣ ልጀ።»

«እዚህ 'ፍርድ ቤቱ' ነው የሚባል፣ አባ።»

«ይሁን፣ ፍርድ ቤቷ» አሉ ቄሰ ገበዙ፤ አዳራሹ ፍርስ አለ። ዳኛዋ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቁ። ከዚያ ወደ ኋላ ጥግ አዩ።

«የልጅቱ እናት ይቅረቡ።»

ደረሰ ብድግ አለ። «ሚስቴ ምን ቃል አላት? እኔ አባቷ ተናግሬ የለም ወይ?»

«አንተ ተናግረሃል። እሳቸው ገና ናቸው።»

አልጣሽ መጣች። ምን በይ እንደተባለች ከፊቷ ያስታውቃል፤ «አሥራ አምስት፣ አሥራ አምስት» እያለች መንገዱን ሁሉ የመጣች ትመስል ነበር። ዳኛዋ ግን ስለ ዕድሜ አልጠየቋትም።

«እንቁን ሲወልዱ፣ ስንት ቀን ከቤተ ክርስቲያን ቀሩ?»

አልጣሽ ቀና አለች። ይህ ያልተነገራት ጥያቄ ነው። «ሰማንያ ቀን ነዋ፣ እመቤቴ። ሴት አይደለች?»

«ክርስትናዋስ?»

«በዚያው ቀን። እኔም ገባሁ፣ እሷም ተነሣች።»

«ቀድሞላት አልነበረም? ለምሳሌ በአርባ ቀኗ?»

«ኧረ የት ተሰምቶ፣ እመቤቴ። ሴት በአርባ?» አለች አልጣሽ፤ ፍርሃቷ ሁሉ ለቅጽበት ጠፍቶ፣ ሕግ ያልገባትን የከተማ ሴት እንደምታስተምር። ሽማግሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህንንም የማታውቅ ዳኛ ብለው እርስ በርስ ተያዩ። ቄሰ ገበዙ ብቻ ጭራቸውን ማወዛወዝ አቆሙ።

ዳኛዋ ወረቀቱን አንሥተው አነበቡ። «የተወለደችበት፣ ጥቅምት ሁለት ቀን ሰባ አምስት። ክርስትና የተነሣችበት፣ ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ሰባ አምስት።» ወደኔ ዞሩ። «ጋሽ ክንፈሚካኤል፣ ስንት ቀን ነው?»

መቁጠር አላስፈለገኝም። «አርባ» አልኩ።

የአልጣሽ ድምፅ ወጣ፣ እንደ ሹክሹክታ።

«ኅዳር ሚካኤል? ይኸማ የናሁሰናይ ነው።» ነጠላዋ ከአፏ ላይ ወደቀ። «የልጀ ነው። የሞተው ልጀ፣ የእንቁ ታላቅ።» ወደ ባሏ ዞረች። «ከሙዳዬ ውስጥ ያወጣኸው አንተ ነህ? አይጥ በላው አላልኸኝም? አይጥ በላው ብዬ ሳለቅስ ከርሜ?»

ደረሰ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። ልጁን ለመሸጥ የሞተ ወንድሟን ከመቃብር ያወጣ አባት! አስጠላኝ። የበለጠ ያስጠላኝ ግን የራሴ እጅ ነበር፤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ፣ ብዕር ይዛ፣ ንጹሕ መስላ።

ወንዳወቅ ግን ሞኝ አልነበረም። «ክብርት ዳኛ» አለ ተነሥቶ፣ በማር ድምፅ። «የእናት ሐዘን ነው፣ ቀን ያቀላቅላል። ወረቀቱም ላይ ስሕተት ካለ የጸሐፊ ነው። ቀኑ ቢሳሳት ዓመቱ ልክ ነው። ዓመት ነው እንጅ ቀን ለጋብቻ ምን ያደርጋል?»

ቄሰ ገበዙ ይህን ገመድ ያዙ። «እውነት ነው፣ የጸሐፊ ስሕተት ነው» አሉ።

«ጸሐፊው ማን ነው?»

ቄሰ ገበዙ ቀስ ብለው ወደኔ አዩ፣ ፊደል ሲያስቆጥሩኝ በሚያዩኝ ዐይን። «ሰው ነው፣ ይሳሳታል» አሉ በለሆሳስ። «ሰማንያ ሊል አርባ ይላል። አይደለም ወይ፣ ልጀ?»

በዚያች ቅጽበት ነገሩ ሁሉ እኔ ላይ መጣ። በአንድ ወገን የእናትየዋ ቃል አለ። በሌላው ወገን አባት፣ ቄስ፣ ሦስት ሽማግሌና ማኅተም አለ። እኔ «አዎ፣ ቀኑን ተሳስቼ ነው» ካልኩ ዓመቱ ይጸናል፣ ጋብቻው ይጸናል። የኔ ጥፋት የአንድ ሰነፍ ገልባጭ ጥፋት ይሆናል፤ ተግሣጽ ነው፣ ያልፋል። እውነቱን ካልኩ ደግሞ እንጀራዬም እስራቴም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ናቸው።

በዚህ መሐል ሰማይ ተቀደደ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ወረደ፣ ከዚያ በኋላ ማንም የማንንም ቃል መስማት አልቻለም። ቡሬ ችሎት ክረምት ላይ እንዲህ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ሁሉ አፉን ዘግቶ ይጠብቃል። ዳኛዋ ግን አልጠበቁም። ከመንበራቸው ጎንበስ ብለው የምስክር ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ፣ ከምጽፈው መዝገብ ጎን አስቀመጡት። ሁለት ጽሕፈት ጎን ለጎን። አንድ «ጸ»፣ አንድ «ሐ»። በጆሮዬ ተናገሩ።

«ጥያቄዬን ይጻፉ፣ ጋሽ ክንፈሚካኤል። መልሱንም ይጻፉ።»

እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» እያሉኝ ነበር፤ አሁንም «እርስዎ» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ጻፍኩ። «ፍርድ ቤቱ፦ ይህን ወረቀት የጻፈው ማን ነው?» ከሥሩ ባዶ መስመር ተውኩ። ቀና ስል ቄሰ ገበዙ ራሳቸውን በዝግታ ወደ ላይና ወደ ታች ይነቀንቃሉ፤ «በል አዎ በል፣ ልጀ» እንደሚሉ ነው። ፈገግ ብለውልኛል። ያን ፈገግታ ሳይ ማሩ ከሆዴ ተነሥቶ ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። የምለው እውነት ነው፤ ጣፋጩ ምላሴ ላይ ተሰማኝ፣ ሊያስመልሰኝ ምንም አልቀረው። አሥራ ሁለት ቀን ሆዴ ውስጥ የኖረውን ነገር ያኔ ገና አወቅሁት፤ የልጅቱ አሥራ ሰባት ቀን ነበር።

ስለዚህ እውነቱን የጻፍኩት ከጽድቅ አልነበረም። ጻድቅ ብሆን ኖሮ ጋሪው ላይ እናገር ነበር። ቀፎኝ ነው።

«መልስ፦» ብዬ ጻፍኩ። «የጻፍኩት እኔ የችሎቱ ጸሐፊ ክንፈሚካኤል ነኝ። ቄሰ ገበዙ ካመጡልኝ ከሟች ናሁሰናይ ደረሰ ወረቀት ላይ ገለበጥኩት። እንቁ የሚለው ስም፣ የክርስትና ስሟና የክርስትና እናቷ ስም የውሸት ናቸው። ቀኑም ዓመቱም የወንድሟ ነው። የተሳሳትኩት ቀኑን መቀየር በመርሳቴ ነው። ለዚህ አንድ ቅል ማር በልቻለሁ።»

ዝናቡ ገና እየጣለ ነበር። ማንም አልሰማም። ዳኛዋ ከላዬ ሆነው መስመር በመስመር አነበቡ። የመጨረሻዋን ቃል ስጨርስ እጃቸውን ዘረጉ።

«ብዕሩን ይስጡኝ።»

ሰጠኋቸው። መዝገቡን ከፊቴ ወሰዱ፣ እኔም ተነሥቼ የት እንደምቀመጥ አጣሁ። ፖሊሱ በዐይኑ የተከሳሽ አግዳሚ ወንበር አሳየኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ። ዳኛዋ በዝናቡ ውስጥ ብቻቸውን ለረጅም ጊዜ ጻፉ። ወንዳወቅ አሁንም ፈገግ ብሏል፤ ምን እንደሚጻፍ አያውቅም ነበር።

ዝናቡ ሲያባራ አነበቡት። መጀመሪያ የኔን ቃል፣ ቀጥሎ ትእዛዛቸውን። ወንድሟ በሰባ አምስት ከተወለደ ታናሹ አሥራ አምስት አልሞላትም፤ ጋብቻ የለም። ወንዳወቅ በጥፋተኝነት ተይዞ ቅጣቱን ይጠብቅ። ቄሰ ገበዙና ጸሐፊው በሐሰተኛ ሰነድ ይከሰሱ። ሽማግሎቹ ከአዳራሹ እንዳይወጡ። ልጅቱ ከእናቷ ጋር፣ ራዲያ ዘንድ ትቆይ። ድምፃቸው አንዴ ብቻ ተሰበረ፤ «የሟች ልጅ ወረቀት ለእናቱ ይመለስ» ሲሉ።

ከዚያ ወደ እንቁ ዞሩ። «የምትጠይቂኝ ነገር አለ፣ ልጄ?»

እንቁ እናቷን አየች፣ እኔን አየች። «ማርያም ደጅ ስሄድ ያ ሰውየ መንገድ ላይ ይኖራል?» አለች።

«አይኖርም» አሉ ዳኛዋ።

ቄሰ ገበዙና እኔ አንድ ክፍል ታሰርን። ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን «ማሬን በላህ፣ ቃሌን ግን ተፋኸው» አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔ ዘጠኝ ወር ተፈረደብኝ፣ ሥራዬንም አጣሁ። አሁን ፍኖተ ሰላም አንድ ዋርካ ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ እጽፋለሁ። ሰው የክርስትና ወረቀት ሲያመጣልኝ ስሙን ከማንበቤ በፊት ቀኑን እቆጥራለሁ። ማር አልበላም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ክብርት ዳኛ አቻምየለሽ ከፍ ወዳለ ወንበር ከሄዱ በኋላ፣ ለአንድ ባለጉዳይ ግልባጭ ላወጣ መዝገብ ቤት ገብቼ ያን መዝገብ አየሁት። እስከ ገጹ አጋማሽ ድረስ የኔ ጽሕፈት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ያማረ፣ «ማር በልቻለሁ» ብሎ ያቆማል። ከዚያ በታች የእሳቸው ይጀምራል። ክፉ ጽሕፈት ነው፤ ፊደሉ ተንጋድዷል፣ መስመሩ ይወጣል ይወርዳል፣ ለማንበብ ያስቸግራል። በወንድ የተጀመረው ገጽ በሴት ነው ያለቀው። ቆሜ እስከ መጨረሻው አነበብኩትና መዝገቡን ዘግቼ ለመዝገብ ቤቱ ሰው መለስኩለት።